ከቀያሹ በኋላ የደረሰው ጥያቄ

ከአዳማ ወደ አዋሽ ሲወርዱ፣ መተሐራ ከተማ ሊገቡ ትንሽ ሲቀርዎት መንገዱ ውሃ መሃል ይገባል። ግራም ቀኝም ሐይቅ ነው። አስፋልቱ በአፈርና በድንጋይ ከፍ በተደረገ ጉብታ ላይ ይሄዳል። ከዳርቻው ነጭ የጨው ቅርፊት ተጋግሯል፤ ከውሃው መሃል ደርቀው የቆሙ የግራር ግንዶች ይታያሉ፤ አንዳንዱ ጫፍ ላይ ወፍ ሰፍሯል። ወዲያ ማዶ ፈንታሌ ተራራ አንድ ዘመን ላይ የተፋው ጥቁር አለት ተዘርግቷል። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እነዚያ ግንዶች ላይ ነው። ግራር ሐይቅ ውስጥ አይበቅልም፤ ዛፎቹ ሲበቅሉ ቦታው ደረቅ መሬት ነበር።

ሐይቁ በሰቃ ይባላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ከአካባቢው ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች የሚተርፈው ውሃና ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ውሃ ጎድጓዳውን ሞሉት። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድም አውራ ጎዳናውም በውሃ ስለተያዙ በተደጋጋሚ ከፍ እንዲሉ ተደረገ፤ የሐይቁን ጨዋማ ውሃ በልክ በልኩ ወደ አዋሽ ወንዝ መልቀቅም ግድ ሆነ። እርሻውን ያቀዱት መንገዱን አላሰቡም፤ መንገዱን ያቀዱትም ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቁም። ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ሥራ ሠርተው ይሆናል። ሒሳቡን ግን መሬቱ አንድ ላይ ደምሮ አመጣው።

ይህ ዳሰሳ የሚከተለው የዚያን ያልተጠየቀ ጥያቄ ጉዞ ነው። በአገራችን የአካባቢ ጥያቄ ወደ ትራንስፖርት ዕቅድ የገባው መቼ ነው? በየት በኩል ገባ? ከቀያሹ በፊት ነው ወይስ መስመሩ ከተሰመረ በኋላ?

*

ከጥንቱ ብንጀምር፣ መንገድና እንጨት በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ ገና ከመነሻው ተያይዘዋል። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨርሶ ነበር። አፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡት በዚህ ምክንያት ነው። በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ የሆነው የአዲስ አበባ–አዲስ ዓለም መንገድም ከዚሁ የእንጨት ችግር ጋር የተገናኘ ነው። ከዚያ ባሕር ዛፍ መጣና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። አካባቢ ዋና ከተማ ለማዛወር እስከ ማሳሰብ የደረሰ ኃይል እንዳለው ያኔ ታይቶ ነበር ማለት ነው። ግን ትምህርቱ በመንገድ ዕቅድ ውስጥ አልተጻፈም።

የባቡሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. የተነሳው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ያኔ የሚጠየቀው ርቀት፣ ዳገትና ገንዘብ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድር ሲቋቋምም መለኪያው ያው ነበር፤ ቡናው ወደብ ይድረስ፣ ጠቅላይ ግዛቶቹ ከመዲናዋ ጋር ይገናኙ። ያንን ዘመን በዛሬ ዓይን መውቀስ አልፈልግም። አገሪቱ መንገድ አልነበራትም፤ ወላድ በቃሬዛ ትመጣ ነበር። በዚያ ዘመን የተወሰነው ግን ዛሬም አብሮን አለ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የሳላውን ሜዳ በደቡብ፣ የፈንታሌን ወገን በሰሜን አድርጎ ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል። ቀንና ሌሊት የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚመላለስበት መስመር ነው። ሜዳው ላይ የሚሰማራው ሳላ ደግሞ የእግረኛ ማቋረጫ ዜብራ አያውቅም።

በከተማው በኩል አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ ሴቼንቶ ታክሲ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት ውይይት፣ ከዚያ ላዳ፣ ከዚያ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ መጣ። ከእነዚህ ውስጥ አየሩን አስቦ የመጣ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ኦክስጅን ሲያንሰው ነዳጁን አሟጦ ማቃጠል አይችልም። የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ አሮጌ መኪና ቆላ ላይ ካለው አቻው ይልቅ የሚያጨሰው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ እየታወቀ ለረጅም ዘመን ጭሱ የባለመኪናው ጉዳይ፣ ሳሉ ደግሞ የእግረኛው ጉዳይ ሆኖ ኖረ።

*

ሕጉ በወረቀት የመጣው በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው አለ። በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ወጣ። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ታወጀ። ሐሳቡ ቀድሞ የተወለደው አሜሪካ ነው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1970 መባቻ ላይ የጸደቀው ሕግ፣ መንግሥት ትልልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥንቶ፣ አማራጮችን አነጻጽሮ ለሕዝብ እንዲያሳይ አስገደደ። "አማራጮችን አነጻጽሮ" የሚለው ሐረግ የሕጉ ልብ ነው። አማራጭ ከሌለ ግምገማ የለም።

የእኛ ሕግ በወጣባቸው ዓመታት የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። በ1989 ዓ.ም. 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የአገሪቱ መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከ110,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። በአንድ ትውልድ ውስጥ አራት እጥፍ ማለት ነው። ሕጉና መንገዱ አብረው አደጉ፤ እኩል ግን አልተራመዱም። መንገዱ በዶዘር ሄደ፤ ሕጉ በእግሩ ተከተለ።

በተግባር የሆነውን የመንገድ ሥራ ላይ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። መስመሩ መጀመሪያ ይወሰናል። ቀያሹ ይወጣል፣ ዲዛይኑ ይሠራል፣ ገንዘቡ ይፈለጋል። የአካባቢ ተፅዕኖው ሰነድ የሚዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው፤ አበዳሪው ስለጠየቀ። ሰነዱ ውስጥ አማራጭ መስመር የሚባል ምዕራፍ ይኖራል፤ ይዘቱ ግን ለምን የተመረጠው መስመር እንደተመረጠ የሚያስረዳ ነው። ቀጥሎ ግዴታዎቹ ይደረደራሉ። ገረገንቲ የተቆፈረበት ጉድጓድ ይደፈን፣ የካባው ቦታ ይስተካከል፣ የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ይቀመጥ፣ አቧራው ላይ ውሃ ይርከፍከፍ ይላል። ተቋራጩ ዋጋ ሲሞላ እነዚህ ሥራዎች ከዝርዝሩ ግርጌ በትንሽ ገንዘብ ይቀመጣሉ፤ ጊዜ ሲያጥር ቀድመው የሚዘለሉትም እነሱ ናቸው። መንገዱ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል። ጉድጓዱ ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል፤ ከብት ይገባበታል፤ ሕፃን ይገባበታል።

ከዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ አንድ አዲስ የተሠራ የገጠር መንገድ ዳር ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ቆሜ ነበር። ክረምቱ አልፎ መስከረም ነው፤ ጤፉ አረንጓዴ ነው። መንገዱን ከሥሩ የሚያሻግረው ቱቦ አፉን የከፈተው በእሳቸው ማሳ ላይ ነው። ከአፉ ጀምሮ አንድ ቦረቦር ወደ ታች ይወርዳል፤ አጠገቡ ሲጠጉ መሬቱ ከእግር ሥር ይሸሻል። ሰው ቢገባበት ራሱ አይታይም። የቦረቦሩ ግድግዳ ላይ የጤፍ ሥሮች ተንጠልጥለዋል።

"አባቴ፣ ይህ መቼ ተቦረቦረ?" አልኳቸው።

"በሁለት ክረምት ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ድሮ ዝናቡ ለሁላችንም ተከፋፍሎ ነበር የሚወርድ። መንገዱ ሰበሰበና እኔ ላይ ደፋው።"

ከአንድም የሃይድሮሎጂ መጽሐፍ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር አላነበብኩም። መንገድ ውሃ ይሰበስባል። በተራራ ወገብ ላይ የተቆረጠ መንገድ የተራራውን ጎርፍ ሁሉ በቦዩ ይዞ በተወሰኑ ቱቦዎች ያስወጣዋል። መሐንዲሱ የሚያሰላው ቱቦው ጎርፉን ማሳለፍ መቻሉን ነው፤ ቱቦውን ካለፈ በኋላ ውሃው የት እንደሚያርፍ በዲዛይኑ ወረቀት ላይ አይታይም፤ ከመንገዱ ክልል ውጭ ነዋ። ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በፍጥነት የተሠሩት መንገዶች ብዙ ቦታ ይህን አስከትለዋል። መንገዶቹ ሐኪም ቤትና ገበያ አቅርበዋል፤ ያንን ማንም አይክድም። እኚያ አዛውንትም መንገዱን አልጠሉትም፤ ልጃቸው በሱ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ያጡት ግን የጤፍ መሬት ነው፤ ለዚያ ካሣ የከፈላቸው የለም። ካሣው የሚሰላው መንገዱ ለረገጠው መሬት ነው እንጂ ውሃው ለበላው አይደለም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ልቤን የሞላው ለውጥ የመጣውም ከዚሁ ከቱቦው አፍ ነው። ከ2006 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በትግራይ የመንገድ ውሃን መሰብሰብ የሚባል ሥራ ተስፋፋ። ከቱቦው የሚወጣውን ጎርፍ በትንንሽ ቦዮች ማሳ ላይ ማሰራጨት፣ ገረገንቲ የወጣበትን ጉድጓድ ከመድፈን ይልቅ ኩሬ ማድረግ፣ ከመንገዱ በታች ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር ነው። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ፣ የውሃውና የግብርናው ሰዎች አንድ ላይ ተቀመጡ፤ ሕዝቡም በየዓመቱ ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ከሚያወጣው ጉልበት ለዚህ መደበ። ኋላም ወደ አማራ ክልልና ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። አዲሱ ነገር አስተሳሰቡ ነው፤ ውሃው የመንገዱ ጠላት መሆኑ ቀርቶ የመንገዱ ምርት ሆነ። "ጉዳት ይቀነስ" ከሚለው ሰነድ ይልቅ ይህ አንድ ኩሬ አካባቢን ወደ ዕቅዱ መሃል አስገብቶታል ብዬ አምናለሁ።

መስመር ራሱ የተቀየረበት ጊዜም አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው የመንገድ ሥራ ነበር፤ የዋልያው ቁጥር መመናመንም አብሮ ተነሳ። ብዙ ዓመት ከፈጀ ክርክር በኋላ ትራፊኩን ከፓርኩ የሚያወጣ ሌላ መንገድ ተሠራ፤ ቅርሱም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ነው የፈጀው። መንገዱ ገና ከመነሻው ፓርኩን ዞሮ ቢሄድ ኖሮ የሚወጣውን ገንዘብ ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ሳነቴ አምባ ላይ በባሌ ተራሮች አናት የሚያልፈውን መንገድ ሳይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው በጥቂት መቶዎች ነው፤ ዋነኛ መኖሪያው ደግሞ ባሌ ነው። መንገዱ በተስተካከለ ቁጥር መኪናው ይፈጥናል።

*

በ2004 ዓ.ም. ቋንቋው ተቀየረ። የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ሲወጣ በየሰነዱ ላይ አፈር፣ ውሃና አቧራ የነበሩት ነገሮች ካርቦን ሆኑ። ስትራቴጂው እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ነው፣ እንደተለመደው ከተሄደ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል፣ እኛ ግን በ150 እናቆመዋለን አለ። የትራንስፖርት ድርሻ ያኔ 3 በመቶ ገደማ ነበር። ትንሽ ነው፤ ግን በፍጥነት ከሚያድጉት አንዱ እሱ ነው፤ ነዳጁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ በዶላር ይገባል። አገሪቱ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከውሃ ታመነጫለች። ስለዚህ ባቡር በኤሌክትሪክ ማስኬድ ለኢትዮጵያ ተፈጥሯዊ ምርጫ ነበር።

ሁለት ባቡሮች መጡ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 34 ኪሎ ሜትር፣ 39 ጣቢያ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፤ ገንዘቡ በአብዛኛው የቻይና ብድር ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በዓመቱ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ። ቀላሉ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲ-40 ከሚባለው የከተሞች ኅብረት በትራንስፖርት ዘርፍ ሽልማት አስገኘ። ኩራቱ እውነተኛ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ቤተሰቡን ይዞ ለመንሸራሸር ብቻ ይሳፈር ነበር፤ ትኬቱ ያኔ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ሲታይ የካርቦኑ ሒሳብ ያልያዛቸው ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው። ማዶ ያለውን ሱቅ ለመድረስ አንዲት እናት ልጅ አዝላ ማሻገሪያ ፍለጋ ረጅም መንገድ ትሄዳለች። መኪናውም ማዞሪያ ፍለጋ ይሄዳል፤ እዚያ የሚቃጠለው ነዳጅ ባቡሩ ካዳነው ላይ መቀነስ ነበረበት። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ ቆሙ። የቆመ ባቡር ጭስ አያወጣም፤ ተሳፋሪው ግን ወደ ሚኒባሱ ተመልሷል። ንጹሕ ቴክኖሎጂ የሚያስጠግነው ከሌለ ንጹሕነቱ በወረቀት ይቀራል። የጅቡቲው መስመርም ተመሳሳይ ጎደሎ አለበት። አብዛኛው ጭነት ዛሬም በከባድ መኪና ነው የሚመጣው፤ ከባቡር ጣቢያው እስከ መጋዘኑ ያለው አጭር መንገድ ቀድሞ አልታሰበበትማ። በሶማሌና በአፋር ሜዳ ደግሞ ሐዲዱ የአርብቶ አደሩን የግጦሽ መንገድ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። በባቡር የሚገጩት ግመሎችና ከብቶች ጉዳይ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ የካሣ ጭቅጭቅ ሆኖ ቀጥሏል።

*

በከተማው ግን ትልቁ የትራንስፖርት ውሳኔ ትራንስፖርት ተብሎ አልተወሰነም። የተወሰነው በቤቶች ፕሮግራም ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች ርካሽ መሬት ፍለጋ ወደ ዳር ወጡ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈቼ። ቤት ላጣ ሕዝብ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቁልፉን የተረከበው ሰው ሥራው መሃል ከተማ ነው። በእግሩ ወይም በአንድ ታክሲ ይደርስ የነበረው አሁን ሦስት መኪና ይቀያይራል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮዬ ፈቼ ያለውን ሰልፍ ያየ ሰው የከተማ ፕላን ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። መኖሪያና ሥራ በአሥራ አምስትና ሃያ ኪሎ ሜትር ከተራራቁ በኋላ የመኪናውን ዓይነት በመቀየር ብቻ የሚመለስ ነገር ጥቂት ነው።

የእግረኛው ነገር ከሁሉም ይከብደኛል። የአዲስ አበባ የትራንስፖርት ሰነዶች ደጋግመው የሚጠቅሱት ቁጥር አለ። ከከተማዋ ጉዞ 54 በመቶው በእግር ነው፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው በግል መኪና። እንግዲህ አብዛኛው የከተማችን ሰው ካርቦን የሌለበት ጉዞ ሲጓዝ ነው የኖረው፤ ማንም አረንጓዴ ስትራቴጂ ሳያወጣለት። ያገኘው ምንድን ነው? በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ቀለበት መንገድ ሰፈር ከሰፈር በአጥር ለያየ፤ የእግረኛው ድልድይ ራቅ ብሎ ስለተሠራ ሰው አጥር እየዘለለ ተሻገረ። ብዙዎች በዚያ ሞቱ። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። "እግረኛው ሕግ አያከብርም" ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። መንገዱን ያቀደው ሰው ያላከበረውን እግረኛ፣ ሕጉን አላከበርክም ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር የተጀመረው "መንገድ ለሰው" ይህን ለአፍታ ገለበጠው። በወር አንድ እሑድ ጠዋት ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘጉ፤ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ መቱ፣ ሰው ሮጠ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት አገር አቀፍ ስትራቴጂ አወጣ። እግረኛ በትራንስፖርት ዕቅድ ውስጥ ራሱን የቻለ ተጓዥ ሆኖ በዚህ ደረጃ ሲቆጠር ማየት ለእኔ ከባቡሮቹ ምረቃ የሚበልጥ ቀን ነው።

መኪናውም በዚያው ዓመት ተነካ። ለረጅም ጊዜ የቀረጥ አሠራሩ አሮጌ መኪናን ይጠቅም ነበር፤ መኪናው ባረጀ መጠን የዋጋ ቅናሽ ስለሚታሰብለት የሚከፈለው ቀረጥ ያንስ ነበር። ስለዚህ ሌላ አገር አገልግሎቱን ጨርሶ የተጣለ መኪና እኛ ዘንድ ገብቶ ቦሎ ይለጠፍለት ነበር። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይህን ገልብጦ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ ለአነስተኛ አዲስ መኪና ግን 5 በመቶ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኑ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። እንዲህ ያለ እገዳ በማውጣት ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲጨምር የውሳኔው መሠረት ጠነከረ።

ይህ ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ። በውሃ ኃይል የሚሄድ መኪና በእርግጥም ንጹሕ ነው፤ ኤሌክትሪካቸውን ከድንጋይ ከሰል የሚያመነጩ አገሮች ይህን ማለት አይችሉም። ለነዳጅ ከሚወጣው ዶላርም ያድናል። ሆኖም ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው ያለቀ ባትሪ ነው። ዛሬ የገቡት መኪኖች ባትሪ የሚያልቀው በአንድ ጊዜ ተቀራርቦ ነው፤ ማን ይቀበለዋል፣ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ መኪናው ከመግባቱ በፊት መልስ ሊያገኝ ይገባ ነበር። ይህ ያው የድሮ ልማዳችን ነው፤ መስመሩ ይቀድማል፣ ጥያቄው ይከተላል። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ብቻውን የተቀመጠበት የኤሌክትሪክ መኪና መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ቤንዚን ከሚያቃጥለው እኩል መሆኑ ነው። መገናኛ ላይ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ እዩ። የሚኒባሱ ሰልፍ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብሎ ሄዶ ማዶ ይደርሳል፤ ከአጠገቡ አንድ አንድ ሰው የያዙ አዳዲስ ድምፅ አልባ መኪኖች በመብራት ተደርድረው ቆመዋል። አየሩ ከድሮው ይሻላል። ሰልፉ ግን ያው ነው። ነጻ የተደረገው ቀረጥ ለአውቶቡስ ግዢ ቢውል ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

*

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የአዲስ አበባን ጎዳናዎች እንዳልነበሩ አድርጎ ቀይሯል። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው አሁን ሰፊ የእግር መንገድ፣ መብራት፣ ዛፍና የብስክሌት መስመር ያገኛል። እንደ እግረኛ ደስ ብሎኛል፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። ለዚህ መንገድ ሲባል ፒያሳና ካዛንቺስ የኖሩ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳር መሄዳቸውንም አልረሳም። በእግራቸው ገበያና ሥራ ይደርሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእግር መንገዱ ሲሰፋ ከሁሉ ይልቅ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩት ከአጠገቡ ራቁ። የነሱ የዕለት ጉዞ ርዝመት ከኮሪደሩ አካባቢያዊ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህ ካልተቆጠረ አረንጓዴው የመንገዱ ዳር ብቻ ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በአዲሱ የብስክሌት መስመር ዳር ስሄድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ በብስክሌት አለፈኝ። ጀርባው ላይ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ አለ፤ ተልኮ ነው። መስመሩ ለስላሳ ስለሆነ እጁን ለቆ ነዳ። ኮሪደሩ የሚያልቅበት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቀለሙ ተቋረጠ፤ ከፊቱ ያለው አሮጌው መንገድ ነው፤ የተሰበረ ጠርዝ፣ ክፍት ቱቦ፣ ተጠግቶ የቆመ ሲኖትራክ። ልጁ ወረደ። ወደ ኋላ መኪና መኖር አለመኖሩን አየና ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ፣ ዳቦውን በትከሻው እያስተካከለ፣ በመኪናዎቹ መሃል ወደ ሰፈሩ ገባ።